ለሁለት ፎቅ በሊፍት መውጣት ነውር ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ቢሮዬ 2ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ግን 9 ፎቅ አለው። ጠዋት ጠዋት ሊፍት ውስጥ ገብቼ 2 ቁጥርን ስጫን ከኋላዬ አንዱ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ሌላው ‹ለሁለት ፎቅ?› ይላል። አንዳንድ ቀን ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ አልዋሽዎትም፣ ስንፍና ነው። ለመሆኑ ነውር ነው? ሰው እየሮጠ ሲመጣስ በሩን ልያዝለት ወይስ የገቡትን ማስጠበቅ ይሆንብኛል? ለነዚያ ለሚተነፍሱት ሰዎችስ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

እህቴ፣ ነውር አይደለም። የሚተነፍሱብሽ ሰዎችም ግን ያለ ምክንያት አይደለም የሚተነፍሱት። ከፎቁ ቁጥር ይልቅ ሰዓቱ ነው ነገሩን የሚወስነው። ቀስ ብዬ ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ። ሊፍት መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አሳንሰር የሚሉትም ያው እሱ ነው። ሥራዬን የሰማ ሁሉ «አንተማ ደረጃ መውጣት ረስተሃል» ይለኛል። ወዲህ ነው ነገሩ! ሊፍት የሚጠግን ሰው ሊፍት አያገኝም፤ እሱ የሚጠራው ሊፍቱ ሲቆም ነው። የሞተር ክፍሉ ደግሞ በብዙ ሕንፃ ላይ ከመጨረሻው ፎቅ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ነው የሚገኘው። የመሣሪያ ሻንጣ ተሸክሜ የወጣሁትን ደረጃ ብደራርበው ተራራ ይወጣዋል። ስለዚህ የደረጃውንም የሊፍቱንም ወገን አውቀዋለሁ።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሊፍት አንድ ፎቅ ላይ ሲቆም ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፣ እንደገና ይነሳል። ይህ ሁሉ ሲደመር 10 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ካቢኑ ውስጥ ካንቺ ሌላ 7 ሰው ካለ 10 በ7 ይባዛል፤ ከሌሎች የወሰድሽው 70 ሰከንድ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር። ታች የተሰለፉትም አሉ። ጠዋት ሊፍት እንደ አመላላሽ ነው የሚሠራው፤ ሞልቶ ይወጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። በመንገዱ ላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ማቆሚያ የመመለሻ ሰዓቱን ትገፋለች። ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው ስላንቺ ምንም አያውቅም፤ ግን ያንቺ 10 ሰከንድ እሱም ዘንድ ደርሳለች።

በእግርሽ ብትወጪስ? አንድ ፎቅ 3 ሜትር ገደማ ነው። የአንዱ እርከን ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ ፎቅ 18 እርከን ያህል ይመጣል፤ ለሁለት ፎቅ 36። ጤነኛ ሰው ሳይሮጥ በግማሽ ደቂቃ ወይም ትንሽ ከፍ ባለ ጊዜ ይጨርሰዋል። ጠዋት ላይ ሊፍቱን ቆመሽ የምትጠብቂበት ጊዜ ከዚህ አያንስም። እንዲያውም ብዙውን ጊዜ ይበልጣል።

እንግዲህ የስንፍናሽ ቀን ጠዋት ከሆነና ሰልፍ ካለ፣ በደረጃ ውጪ። ያው የስንፍና ቀን ረፋድ ላይ ከሆነና ሊፍቱ በሩን ከፍቶ ባዶውን ከቆመ፣ ግቢ። ማንንም አልነካሽም። ለጤናሽ ካሰብሽ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምርልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ድሮ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያልቀጠለ እንቅስቃሴ አይቆጠርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው መመሪያ ይህ ገደብ ቀርቷል። ያንቺ 36 እርከንም አሁን ይቆጠርልሻል ማለት ነው።

«መብራት ታባክኚያለሽ» የሚል ሰውም አይጠፋም። ይሄኛውን መመለስ ደስ ይለኛል። በገመድ የሚሠራ ሊፍት በሌላው የገመዱ ጫፍ ከባድ የብረት ሚዛን ተንጠልጥሎለታል። የሚዛኑ ክብደት የባዶውን ካቢን ክብደት ያክልና ሊፍቱ ከሚጭነው ሙሉ ጭነት ከ40 እስከ 50 በመቶው ይጨመርበታል። እንግዲህ ብቻሽን ስትወጪ ሚዛኑ ካንቺና ከካቢኑ ድምር ይከብዳል። እሱ ሲወርድ አንቺን ወደ ላይ ይስብሻል። ሞተሩ በዚያን ጊዜ ዋናው ሥራው ሚዛኑ እንዳይፈጥን መያዝ ነው። ሞተሩ በጉልበቱ የሚሠራው ብቻሽን ስትወርጂ ነው፤ ያን ከባድ ሚዛን ወደ ላይ መጎተት አለበትና። ስለ መብራት የሚቆረቆር ሰው እንግዲህ በሊፍት ወጥቶ በእግሩ ይውረድ።

ግን መውረድም የራሱ ጣጣ አለው። ደረጃ መውረድ ቀላል ይመስላል፤ ትንፋሽ አያስቆርጥም። ጉልበት ግን በዚህ አይስማማም። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ ክብደታችንን እንደ ፍሬን እየያዘ ነው የሚሄደው። ጫናው የሚያርፈው የጉልበት ሎሚው አካባቢ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሲወጣ ደህና ሆኖ ሲወርድ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። «ቁልቁለት እንኳ በእግሩ አይወርድም?» ተብሎ የሚታማው ሰው ምናልባት ከሁሉም በላይ ሊፍቱ የሚያስፈልገው ሰው ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ወገቤን ዲስክ ይዞኝ ነበር። ሐኪሙ «ደረጃ ተወው» አለኝ። ሥራ ግን አይቀርም። ሻንጣዬን ተሸክሞ የሚከተለኝ አንድ ጎረምሳ ይዤ ለአንድ ፎቅ ሊፍት ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሻንጣህንም በሰው አሸክመህ፣ ለአንድ ፎቅ!» አሉኝ። ምን እላለሁ? ሸሚዜን ገልጬ መቀነቱን ላሳያቸው? ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ስንት ቁጥር እንደሚጫን ማየት ትቻለሁ። ልብ በሽታ፣ አስም፣ ገና ያልታየ እርግዝና፣ ትኩስ የቀዶ ጥገና ቁስል፣ ሚዛን የሚያስት ማዞር፤ አንዱም ፊት ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ በሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሚጠሩኝ አብዛኛውን ጊዜ ለበር ነው። ሰው ገመድ ይበጠሳል ብሎ ይፈራል፤ እኔ ግን የምጠራው በሩ አልዘጋ ብሎ ነው። ሰው በእግሩ ያግደዋል፣ ካርቶን ያስደግፍበታል፣ በትከሻው ይገፋዋል። ብረት ቢሆንም ይደክመዋል።

እየሮጠ ለሚመጣው ሰው የኔ ደንብ ይህ ነው። አንቺም ካየሽው፣ እሱም ካየሽ፣ የቀረውም ጥቂት እርምጃ ከሆነ፣ ያዢለት። ከኮሪደሩ ጫፍ «መጣሁ! መጣሁ!» ለሚለው ግን ግዴታ የለብሽም፤ ሊፍቱ ተመልሶ ይመጣል። ክራንች የያዘ፣ ጋሪ የሚገፋ ወይም በዊልቸር የሚመጣ ሰው ሲሆን ርቀቱን እርሺው፤ ጠብቂው። እዚህ ላይ አጉረምራሚ ካለ ያጉረምርም። በሩን ስትይዢ ደግሞ መክፈቻ ቁልፉን ተጫኚ፤ ሁለት ቀስቶች ወደ ውጭ የሚያመለክቱበት ነው። እጅና እግር አታስገቢ። አዳዲሶቹ በሮች ጠርዛቸው ላይ ዓይን የማያየው የብርሃን መጋረጃ አላቸው፤ ሰው ሲያቋርጠው በሩ ይመለሳል። ቀጭን ነገር ግን ሊያመልጠው ይችላል። የሻርፕ ጫፍ፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ፣ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ደግሞ የውሻ ማሰሪያ። ባለቤቱ ውስጥ ሆኖ ውሻው ውጭ ከቀረ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

እና ደግሞ አለ አንድ ዓይነት ሰው። በሩን በጫማው ይዞ «አንዴ፣ ጓደኛዬ ቢሮዋን እየቆለፈች ነው» የሚል። ሰባት ሰው ያሰልፋል። በመሃል ደግሞ ወሬውን ይቀጥላል። እህቴ፣ መተንፈስ ካስፈለገ እሱ ላይ ነው። አንዳንዱ ሊፍት ትዕግሥቱ ሲያልቅ እየጮኸ ቀስ ብሎ መዝጋት ይጀምራል። ብዙ ሰው ያንን ብልሽት ይለዋል፤ እንዲህ ላለው ሰው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

መዝጊያ ቁልፉን እንደ ከበሮ የሚደበድቡም አሉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የአካል ጉዳተኞች ሕግ ወጥቷል። እሱን ተከትሎ በመጣው መስፈርት መሠረት ከውስጥ የታዘዘ ፎቅ ላይ ሲደረስ በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ቢያንስ 3 ሰከንድ መቆየት አለበት። ያ ጊዜ ሳያልቅ መዝጊያውን ቢደበድቡት አይሰማም። ሦስቷ ሰከንድ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው የተተወች ናት።

አንቺ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ከሁለተኛ ፎቅ ተሳፋሪ የበለጠ ሰልፍ የሚያስረዝም ነገር ስላለ ሳልነግርሽ አላልፍም። ውጭ ግድግዳው ላይ ያሉት ሁለት ቀስቶች የሚጠይቁት «ወዴት ትሄጃለሽ?» ብለው ነው። ብዙ ሰው «ሊፍቱ ወዴት ይምጣ?» ብለው የጠየቁት ይመስለዋል። 5ኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው መውረድ ይፈልጋል። ሊፍቱ ታች መሆኑን ያያል። «ወደ እኔ ውጣ» ለማለት የላይኛውን ቀስት ይጫናል። ሊፍቱ ታዛዥ ነው፤ ይመጣል፣ ወደ ላይ የሚሄድ ሰው አለ ብሎ በሩን ይከፍታል። ሰውየው ይገባል። ሊፍቱ ወደ ላይ መውጣት የሚፈልጉት ሰዎች ጋ ሁሉ ይዞት ይዞራል። «ይሄ ሊፍት አብዷል» ይላል ሰውየው። እኔ ይጠሩኛል። መጥቼ አየዋለሁ፤ ደህና ነው።

የባሰው ሁለቱንም መጫን ነው። ሊፍቱ ወደ ላይ ሲያልፍ ይቆምለታል፤ ወደ ታች ሲመለስም ይቆማል። አንዱ ላይ ገብቶ ሄዷልና ሁለተኛው ላይ በሩ ማንም በሌለበት ይከፈታል፣ ውስጥ ያሉት ባዶ ኮሪደር ያያሉ፣ በሩ ይዘጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው፤ ብቻ እዚህ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው። ሊፍት በአንድ አቅጣጫ የጠሩትን ሁሉ በመንገዱ እያነሳ ሄዶ፣ ወደዚያ የሚፈልገው ሲያልቅ ነው የሚዞረው። አሠራሩ ብልህ ስለሆነ የኮምፒውተር ሰዎች ሳይቀሩ ሃርድ ዲስክ መረጃን በምን ቅደም ተከተል እንደሚያነብ ለመወሰን ወስደውታል፤ ስሙንም የሊፍት ስልት ብለውታል። ይህን ብልሃት የሚያበላሸው የተሳሳተ ቀስት ብቻ ነው።

በአንዳንድ ትልልቅ ሕንፃዎች ደግሞ ቀስት የለም። ውጭ ሆነሽ የምትሄጂበትን ፎቅ ቁጥር ትነኪያለሽ፣ እሱ የትኛው ሊፍት ውስጥ እንደምትገቢ ይነግርሻል። እዚያ ቤት አምስት ሆናችሁ አንዳችሁ ብቻ ከነካችሁ ማሽኑ አንድ ሰው ነው የሚቆጥረው። ለቀሪዎቹ አራት ቦታ አልያዘም። እያንዳንዳችሁ ንኩ።

ውስጥ ስላለው ጨዋነት ብዙ አልልም፤ ብዙውን ታውቂዋለሽ። የሚወጣው ሳይወጣ አይገባም። ጀርባ ላይ ያለ ቦርሳ ወርዶ እግር ሥር ይቀመጣል። ስልክ ላይ መጮህ ይቅር። ኤድዋርድ ሆል የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ሰው የቅርብ ወዳጁን ብቻ የሚያስጠጋበትን ርቀት 45 ሴንቲ ሜትር ግድም አድርጎታል። የሞላ ሊፍት ይህን ርቀት ያጠፋዋል። ሁላችንም አንጋጠን የፎቁን ቁጥር የምናነበው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሌላ የሚታይ ቦታ የለማ። ደግሞ ሰው ሊፍት ውስጥ እንዴት እንደሚቆም የሚማረው ከሌላው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም በድብቅ ካሜራ ቀልድ ሠርቶ ነበር። ተዋናዮቹ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ይቆማሉ። ምንም የማያውቀው ሰው ግራ ገብቶት፣ ሰዓቱን የሚያይ እየመሰለ፣ ቀስ በቀስ አብሯቸው ይዞራል። መስታወቱ ደግሞ ፀጉር ለማበጠር ብቻ የተሰቀለ እንዳይመስልሽ። ዊልቸር ጠባብ ካቢን ውስጥ መዞር አይችልም። ሰውየው ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲወጣ ከጀርባው ያለውን የሚያየው በመስታወቱ ነው። እሱ ካለ ከመስታወቱ ፊት ፈቀቅ በይ።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ» የሚባለውም ሊፍት ደጃፍ ላይ አይሠራም። ለበሩ የቀረበ ይውጣ። ታላቅነትም ሴትነትም ከበሩ ወዲያ ይከበራል። ከኋላሽ የሚወርድ ካለና አንቺ በሩ ላይ ከሆንሽ፣ ከመጣበቅ ወጥተሽ ጎን ቁሚ፣ ከዚያ ተመለሽ።

ጭነት ሲበዛ የሚጮኸው ደወልስ? 8 ሰው ተብሎ የተጻፈበት ሊፍት አብዛኛውን ጊዜ 630 ኪሎ ነው። የአውሮፓ መስፈርት አንዱን ሰው በ75 ኪሎ ያሰላዋል። ጭነቱን የሚለካው መሣሪያ የሚያነበው ክብደትን ስለሆነ 7 ሰው ሆናችሁም ሊጮህ ይችላል። ሲጮህ በእግር ጣት የሚቆም፣ ግድግዳውን የሚደገፍ፣ ትንፋሹን የሚይዝ ሁሉ አይቻለሁ። ኪሎ ግን አይቀንስም። በልማድ የመጨረሻ የገባው ይወጣል። የመጨረሻዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ሌላ ሰው ይውረድ እንጂ ሁሉም መሬት መሬት አይይ። በነገራችን ላይ፣ በደረጃ መውጣት የምትችዪው አንቺ ከሆንሽ ያን ጊዜ ነው ጨዋነትሽ የሚታየው። «እኔ 2ኛ ነኝ፣ በእግሬ እሄዳለሁ» ብለሽ ስትወጪ።

ደረጃው ላይም ደንብ አለ። በአንድ ወገን መሄድ፣ ጎን ለጎን ሆኖ መንገድ አለመዝጋት። ቁም ነገሩ ግን መደገፊያው ነው። መደገፊያ ይዞ የሚመጣን ሰው አታስለቅቂው፤ አንቺ ዙሪው። አንዳንድ ሰው በአንድ እጁ ብቻ ነው መያዝ የሚችለው፣ ያ እጅ ደግሞ አንቺ ባለሽበት ወገን ሊሆን ይችላል። ስልክ እያዩ መውረድ የለም። እግር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርከኖች ይለካና ቀሪውን በልማድ ነው የሚሄደው፤ የመጨረሻዋን እርከን የለችም ብሎ ወይም አለች ብሎ ሲሳሳት ነው ሰው የሚወድቀው። ለወሬ መቆም ካማራችሁ ከመንገዱ ወጥታችሁ ቁሙ። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፤ የደረጃው ክፍል ራሱን የሚዘጋ ከባድ በር ካለው በድንጋይ ወይም በወንበር አስደግፈሽ አትክፈቺው። ያ በር እሳት ሲነሳ ጭስ ደረጃው ውስጥ እንዳይገባ የተሠራ ነው። እሳት ካልኩሽ ዘንድ፣ ያን ቀን ሊፍት የሚባል የለም። የሊፍቱ ጉድጓድ እንደ ጭስ ማውጫ ይሆናል፣ መብራቱም መንገድ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ደግፋችሁ በደረጃ ውረዱ።

ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። ለሚተነፍሱት ሰዎች ምን ትመልሻለሽ? ስለ ጉልበትሽ ለማያውቁሽ ሰዎች መተረክ የለብሽም። «ለሁለት ፎቅ?» ሲሉሽ «አዎ፣ ለሁለት» በቂ ነው። ፈገግ ብትዪበት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። እኔ የምመክርሽ ግን ቦታሽን እንድትመርጪ ነው። ቶሎ የምትወርጂ ስለሆንሽ መጨረሻ ግቢና በሩ ጋ፣ ቁልፎቹ አጠገብ ቁሚ። ስትወጪ ማንም ፈቀቅ ማለት የለበትም፤ ያቺ 10 ሰከንድም ትቀንሳለች። ቁልፎቹ አጠገብ ከቆምሽ ደግሞ ቀድመሽ «ስንተኛ ልጫንልዎት?» በያቸው። አሁን «9ኛ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ያለሽ ሰው፣ ወዲያው አንቺ 2ን ስትጫኚ በረጅሙ መተንፈስ ትንሽ ይከብደዋል።